ልኩ የታወቀ ልቅነት፤ የሞተር ቢስክሌት ሰንሰለት አወጣጠር ታሪክ

በአማርኛ ንባብ አንድን ፊደል ማጥበቅ ወይም ማላላት የቃሉን ትርጉም ይለውጠዋል። «አለ» የሚለው ቃል ላልቶ ሲነበብ መናገርን፣ ጠብቆ ሲነበብ መኖርን ያመለክታል። አንባቢ የትኛውን ማጥበቅ፣ የትኛውን ማላላት እንዳለበት ካላወቀ ንባቡ ይበላሻል። በጋራዥና በፋብሪካ ውስጥ ግን ማጥበቅ ሁልጊዜ መልካም፣ መላላት ሁልጊዜ ጉድለት ሆኖ የመታየት ዝንባሌ አለ። የላላ ቡሎን ይጠበቃል፤ የላላ ሥራም ይወቀሳል። ይህ ጽሑፍ የሚያወሳው ይህ ደንብ ስለማይሠራበት አንድ የመኪና ክፍል ነው፤ ይኸውም የሞተር ቢስክሌት የኋላ ሰንሰለት ነው።

ሰንሰለቱ ከመጠን በላይ ከላላ በጉዞ ላይ ከጥርሱ ይወልቃል፤ የኋላውን ጎማ ሊቆልፍና ነጂውን ለሞት ሊያበቃ ይችላል። ከመጠን በላይ ከጠበቀ ደግሞ የማርሽ ሳጥኑን (የካምቢዮውን) ኩሽኔታ ያደቃል፤ ጥርሶቹንና ራሱንም ይበላል። በሁለቱ አደጋዎች መካከል ያለው ልክ በአብዛኞቹ የመንገድ ሞተር ቢስክሌቶች ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር፣ ለአስቸጋሪ መንገድ ከተሠሩት በብዙዎቹ ደግሞ ከ35 እስከ 50 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ወደ ላይና ወደ ታች የመንቀሳቀስ ነጻነት ነው። ይህ ልክ ከየት መጣ? መሐንዲሶች ከ100 ዓመት በላይ ሲጥሩ ቆይተው፣ ይህን ማስተካከያ ዛሬም ለነጂውና ለመካኒኩ እጅ የተዉት ለምንድን ነው? መልሱ የሚገኘው በታሪኩ ውስጥ ስለሆነ፣ የማኅበራችን አባላት ታሪኩን አብረውኝ እንዲመለከቱ እጋብዛለሁ። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ከጦር መሣሪያ እስከ ጥጥ መፍተያ

ኃይልን በሰንሰለት ማስተላለፍ ጥንታዊ ሐሳብ ነው። የባይዛንቲየሙ ፊሎ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ጦር መሣሪያ በጻፈው ድርሰቱ፣ የእስክንድርያው ዲዮኒሲዮስ የሠራውን ደጋግሞ ፍላጻ የሚወረውር መሣሪያ ገልጿል፤ መሣሪያው የሚሠራው በጠፍጣፋ ሰንሰለት ነበር። በቻይና ሱ ሶንግ የተባለው ሊቅ በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በካይፈንግ ከተማ ባሠራው የሰዓት ማማ ውስጥ «የሰማይ መሰላል» የተባለ ማለቂያ የሌለው ሰንሰለት ኃይልን ከታች ወደ ላይ ያደርስ ነበር። ሌዎናርዶ ዳ ቪንቺም፣ በማድሪድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ተረስተው ቆይተው በ1960ዎቹ ዓመታት በተገኙት ማስታወሻዎቹ ውስጥ፣ የዛሬዎቹን የሚመስሉ የሰንሰለት ንድፎች ትቶልናል።

እነዚህ ሁሉ ግን በዝግታ የሚሠሩ መሣሪያዎች ነበሩ። ዝግተኛ ሰንሰለት ቢላላም ብዙ አያስቸግርም። ችግሩ ጎልቶ የወጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ የእንፋሎት ኃይል ፋብሪካዎችን ሲያፋጥንና ሰንሰለት ቀኑን ሙሉ ሲሽከረከር መዋል ሲጀምር ነው። ያን ጊዜ ሰንሰለት በአጭር ጊዜ ውስጥ እየረዘመ አስቸገረ።

ሰንሰለት «ተሳበ» ወይም «ተለጠጠ» ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። አባባሉ ግን ትክክል አይደለም። በተለመደው ሥራ ላይ የሰንሰለቱ የጎን ሰሌዳዎች እምብዛም አይለጠጡም። የሚበላው ፒኑና ፒኑ የሚሽከረከርበት ቀዳዳ ነው። አንድ ትንሽ ሞተር ቢስክሌት 118 መጋጠሚያ ያለው ሰንሰለት ቢኖረውና በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ብቻ ቢበላ፣ ሰንሰለቱ በጠቅላላው 11.8 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ እዚህ ደግሞ በዓይን የማይታየው ጥቃቅን መበላት ተባብሮ ሰንሰለቱን ከጥርሱ ያወልቃል።

ስለዚህም የሰንሰለት ታሪክ በአመዛኙ ይህን መበላት የመቀነስ ታሪክ ነው። እንግሊዛዊው ጄምስ ስሌተር በ1864 የፈጠራ መብት ባገኘበት ሰንሰለት ላይ፣ ጥርሱን የሚነካው ክፍል እየተሽከረከረ እንዲያርፍ ሮለር አደረገበት። ጥርሱና ሰንሰለቱ ከመፋተግ ዳኑ። ሆኖም ፒኑ የሚያርፈው በቀጭኑ የጎን ሰሌዳ ጠርዝ ላይ ስለነበረ፣ መጋጠሚያው መበላቱን አላቆመም።

መፍትሔውን ያገኘው ሃንስ ሬኖልድ ነው። ሬኖልድ በ1852 በስዊስ አገር በአራው ከተማ ተወልዶ፣ በ1873 ወደ ማንቸስተር መጣ፤ በ1879 ለፈትልና ለሽመና ማሽኖች ሰንሰለት የሚሠራውን የስሌተርን አነስተኛ መሥሪያ ቤት በሳልፎርድ ገዛ። በሚቀጥለው ዓመት በ1880 ባስመዘገበው ፈጠራው፣ በሁለቱ የውስጥ ሰሌዳዎች መካከል ቀጭን የብረት ቱቦ፣ ማለትም ቡሽ አስገባ። ፒኑ በቡሹ ውስጥ፣ ሮለሩ ደግሞ በቡሹ ላይ ይሽከረከራል። ጭነቱ ከሰሌዳው ጠርዝ ተነሥቶ በቡሹ ሙሉ ርዝመት ላይ ተከፋፈለ። ዛሬ በየመንገዱ የምናየው የሞተር ቢስክሌት ሰንሰለት በመሠረቱ ይኸው የ1880 ሰንሰለት ነው። ይህን ያህል ዘመን መሠረታዊ ቅርጹ ሳይለወጥ የኖረ የመኪና ክፍል ብዙ አይገኝም።

ከጠፍር ወደ ሰንሰለት

የሬኖልድ ሰንሰለት በመጀመሪያ ያገለገለው ቢስክሌትን ነው። በ1885 ጆን ኬምፕ ስታርሊ ያቀረበው ሮቨር የተባለው ቢስክሌት፣ ሁለቱ ጎማዎቹ ተቀራራቢ ሆነው የኋላው ጎማ በሰንሰለት የሚነዳ ነበር። ቀድሞ ነጂው ፔዳሉን በቀጥታ ከትልቁ የፊት ጎማ ጋር ያሽከረክር ስለነበረ፣ የሚስተካከል ነገር አልነበረውም። በሰንሰለት የሚነዳ ቢስክሌት ግን ባለቤቱ የኋላውን ጎማ ወደ ኋላ እየሳበ ሰንሰለቱን እንዲወጥር ግድ አለው። አንድ ተራ ሰው የመኪናውን ልክ በራሱ እጅ የመጠበቅ ኃላፊነት የተቀበለው እዚህ ላይ ነው ለማለት ይቻላል።

ሞተር ቢስክሌት ግን ሰንሰለትን የወሰደው ወዲያውኑ አይደለም። ዳይምለርና ማይባህ በዚያው በ1885 በካንሽታት የሠሩት መኪና ኃይሉን ወደ ኋላ ያደርስ የነበረው በቺንጋና በጥርስ ነው። በ1894 በሙኒክ ለገበያ የቀረበው ሂልደብራንትና ቮልፍሙለር ደግሞ ፒስተኖቹን እንደ ባቡር በዘንግ ከኋላው ጎማ ጋር አገናኝቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት አብዛኞቹ ሠሪዎች የመረጡት የቆዳ ጠፍር ነው። ጠፍር ርካሽና ድምፁ የቀለለ ነው፤ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር በእያንዳንዱ ፍንዳታ የሚሰጠውንም ድንጋጤ በመጠኑ እየተንሸራተተ ያለዝበዋል። ነገር ግን ዝናብ ሲነካው ይንሸራተታል፤ ሲሞቅና ሲያረጅ ይረዝማል። ዳገት ላይ ደግሞ ኃይል በሚያስፈልግበት ሰዓት ይከዳል።

ውጥረትን በተመለከተ በዘመኑ ከታዩት ብልሃቶች ሁሉ የሚያስደንቀው፣ ፍሬዲ ባርንስ የፈጠረውና ዜኒት የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት ከ1908 ገደማ ጀምሮ የሠራው ግራዱዋ ነው። ነጂው አንድ እጀታ ሲያሽከረክር በሞተሩ ላይ ያለው የቺንጋ መንኮራኩር ይሰፋል ወይም ይጠባል፤ በዚህም ፍጥነቱ ይለወጣል። መንኮራኩሩ ሲሰፋ ቺንጋው ይወጠራል፣ ሲጠብ ይላላል። ስለዚህ ያው እጀታ የኋላውን ጎማ በሰርጡ ውስጥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያንሸራተተ ውጥረቱን ይጠብቅ ነበር። መኪናው በዳገት ውድድሮች ላይ ሌሎችን ስላሸነፈ አንዳንድ ክበቦች እንዳይወዳደር አገዱት፤ ድርጅቱም «የታገደ» የሚለውን ቃል በንግድ ምልክቱ ላይ አተመው። ከእኛ ጉዳይ አኳያ ቁም ነገሩ ሌላ ነው። ግራዱዋ ውጥረትን በጉዞ ላይ የሚያስተካክል መኪና መሥራት እንደሚቻል ያን ጊዜ አስመስክሯል። ዋጋው ግን የኋላው ጎማ ከነዘንጉ የሚንሸራተትበትን፣ ለጭቃና ለመበላት የተጋለጠ ውስብስብ አሠራር መቀበል ነበር።

ሰንሰለት ድል ያደረገው በውድድር ሜዳ ነው። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት በስፕሪንግፊልድ ከተማ ሄንዲና ሄድስትሮም ያቋቋሙት ኢንዲያን ከመጀመሪያው ከ1901 ጀምሮ ሰንሰለትን መርጦ ነበር። በ1911 የማን ደሴት ታላቅ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ በተራራማው መንገድ ላይ ሲደረግ፣ ሰንሰለትና ባለ ሁለት ፍጥነት የማርሽ ሳጥን ያላቸው የኢንዲያን መኪናዎች በትልቁ ምድብ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ያለውን ደረጃ ጠቅልለው ወሰዱ። በ1912ና በ1913 ደግሞ በሰንሰለት የሚነዳው ስኮት በተከታታይ አሸነፈ። ሃርሊ ዴቪድሰንም በ1912 ሰንሰለት ያላቸውን ሞዴሎች ማቅረብ ጀመረ። ከዚያ በኋላ የጠፍር ዘመን ፈጥኖ አለፈ።

ድሉ ግን ሁለት አዳዲስ ግዴታዎችን ይዞ መጣ። ሰንሰለት እንደ ጠፍር አይንሸራተትም፤ ስለዚህ የሞተሩን ድንጋጤ ሁሉ ሳያለዝብ ያስተላልፋል። መሐንዲሶች በሞተሩ ዘንግ ላይ ወይም በኋላው ጎማ እምብርት ውስጥ ሞላና ጎማ አስገብተው ድንጋጤውን ማለዘብ ግድ ሆነባቸው። ሁለተኛው ግዴታ የመካኒኩ ነው። በዚያ ዘመን በብዙዎቹ የእንግሊዝ መኪናዎች የማርሽ ሳጥኑ ከሞተሩ የተለየ ነበር። አንድ ሰንሰለት ከሞተሩ ወደ ማርሽ ሳጥኑ፣ ሌላው ከማርሽ ሳጥኑ ወደ ኋላው ጎማ ይሄዳል። የመጀመሪያውን ለመወጠር የማርሽ ሳጥኑ ራሱ ወደ ኋላ ይሳባል፤ ይህ ሲሆን ግን ሁለተኛው ሰንሰለት ይላላል። ስለዚህ ሥራው ቅደም ተከተል ነበረው። መጀመሪያ የፊተኛው፣ ከዚያ በኋላ የኋለኛው ሰንሰለት ይስተካከላል። ቅደም ተከተሉን የዘነጋ መካኒክ ሥራውን ሁለት ጊዜ ይሠራል።

ተወዛዋዡ ክንድ ያመጣው ለውጥ

እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ የአብዛኞቹ ሞተር ቢስክሌቶች የኋላ ጎማ ሞላ አልነበረውም። በማርሽ ሳጥኑ ፒኞንና በጎማው ኮሮና መካከል ያለው ርቀት አይለወጥም። ሰንሰለቱ አንድ ጊዜ ከተስተካከለ በኋላ የሚያላላው መበላት ብቻ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ግን የኋላው ጎማ በተወዛዋዥ ክንድ ላይ ተሰቅሎ በሞላና በአሞርዛተር መደገፉ ተስፋፋ። በዚህ ረገድ የሚጠቀሰው የቤልፋስቱ ሬክስ ማክካንድለስ ለኖርተን የነደፈው ሻሲ ነው። በ1950 ጂኦፍ ዱክ በዚህ ሻሲ ላይ በተሠራ መኪና የማን ደሴትን ታላቅ ውድድር አሸንፏል።

ክንዱ ለነጂው ምቾትን፣ ለጎማው ከመንገዱ አለመለየትን አስገኘ። ለሰንሰለቱ ግን አዲስ ጥያቄ አመጣበት። ክንዱ የሚወዛወዝበት ነጥብ አብዛኛውን ጊዜ ከፒኞኑ መካከል ትንሽ ወደ ኋላ ይገኛል። ስለዚህ ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች ሲንቀሳቀስ በፒኞኑና በኮሮናው መካከል ያለው ርቀት ይለዋወጣል። ርቀቱ ከሁሉ የሚበልጠው የፒኞኑ መካከል፣ የክንዱ መወዛወዣና የኋላው ጎማ ዘንግ በአንድ ቀጥተኛ መስመር ላይ ሲውሉ ነው። ሰንሰለቱ ከሁሉ ይበልጥ የሚጠብቀውም በዚያች ቅጽበት ነው።

ይህን በስሌት መመልከት ይጠቅማል። ለምሳሌ ያህል ክንዱ 450 ሚሊ ሜትር ይርዘም፤ መወዛወዣውም ከፒኞኑ መካከል 80 ሚሊ ሜትር ይራቅ። ሦስቱ ነጥቦች በአንድ መስመር ሲሆኑ ርቀቱ 530 ሚሊ ሜትር ነው። ክንዱ ከዚያ መስመር በ5 ዲግሪ ሲያዘነብል ርቀቱ በ0.26 ሚሊ ሜትር፣ በ10 ዲግሪ ሲያዘነብል በ1 ሚሊ ሜትር ገደማ ያንሳል። ቁጥሮቹ ትናንሽ ናቸው። ሆኖም ሰንሰለቱ ወደ ኋላ ሄዶ ወደ ፊት ስለሚመለስ የሚያስፈልገው ትርፍ ርዝመት የዚህ እጥፍ ነው። በጂኦሜትሪ ደንብ ደግሞ የተወጠረ ገመድ ትንሽ ትርፍ ርዝመት ካገኘ መካከሉ ብዙ ይረግባል። የታችኛው የሰንሰለት ክፍል 500 ሚሊ ሜትር ቢሆንና ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ትርፍ ርዝመት ቢኖረው፣ መካከሉ ወደ ላይና ወደ ታች በጠቅላላው 23 ሚሊ ሜትር ያህል ይንቀሳቀሳል። ትርፉ 2 ሚሊ ሜትር ሲሆን እንቅስቃሴው ወደ 45 ሚሊ ሜትር ይደርሳል።

እነዚህ ሁለት ውጤቶች በመግቢያው ላይ ከተጠቀሱት ልኮች ጋር መስማማታቸውን አንባቢው ሳያስተውል አይቀርም። ክንዱ ትንሽ የሚያዘነብል የመንገድ ሞተር ቢስክሌት ከ20 እስከ 30፣ ሞላው ረጅምና ክንዱ ብዙ የሚያዘነብል የአስቸጋሪ መንገድ መኪና ከ35 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ልቅነት ይፈልጋል። ስለዚህ በመመሪያው መጽሐፍ ላይ የሰፈረው ቁጥር በግምት የተጣለ አይደለም። ጎማው ጉድጓድ መትቶ ሲነሣ፣ ነጂውና ጭነቱም ሞላውን ሲጫኑ፣ ሰንሰለቱ ፈጽሞ እንዳይወጠር የተያዘለት መጠባበቂያ ነው። መኪናው ቆሞ ሳለ የላላ የሚመስለው ሰንሰለት በጉዞ ላይ ልክ ይሆናል ማለት ነው። ቆሞ ሳለ ልክ የሚመስለው ደግሞ ጉድጓድ ሲመታ ኩሽኔታውን ይሰብራል።

ከዚሁ ስሌት ሌላም ትምህርት ይገኛል። የኋላው ጎማ ዘንግ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ ፊት ቢመጣ፣ በምሳሌያችን 25 ሚሊ ሜትር የነበረው ልቅነት ወደ 51 ሚሊ ሜትር ያድጋል፤ ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። ዘንጉ የ1 ሚሊ ሜትር ሲሶ ያህል ወደ ኋላ ቢሄድ ደግሞ ልቅነቱ ፈጽሞ ይጠፋል። የማስተካከያው ብሎን በሩብ ዙር፣ ከዚያም ባነሰ መጠን መዞር ያለበት በዚህ ምክንያት ነው። የዘንጉ ዳዶ ከጠበቀ በኋላ ልቅነቱ እንደገና መለካት ያለበትም ስለዚሁ ነው፤ ዳዶው ሲጠብቅ ዘንጉን በጥቂቱ ሊያንቀሳቅሰው ይችላልና።

ልቅነቱን ለማስወገድ የተደረጉ ጥረቶች

መሐንዲሶች ችግሩን ከሥሩ ለመንቀል ያደረጉት ጥረት በሦስት መንገድ ሊመደብ ይችላል።

የመጀመሪያው ሰንሰለትን መተው ነው። በ1923 ማክስ ፍሪትስ የነደፈው የቤ ኤም ቬ አር 32 ኃይሉን በዘንግ ወደ ኋላው ጎማ አደረሰ። የሚወጠር ነገር የለውም፤ አቧራም አይነካውም። በምትኩ ክብደቱና ዋጋው ይጨምራል፤ በኋላው ጎማ ላይ በዘይት የሚሠራ የማርሽ ቤት ያስፈልገዋል። በ1980 ሃርሊ ዴቪድሰን በስተርጂስ ሞዴሉ ላይ ባለጥርስ የጎማ ቺንጋን መለሰ፤ ይህ ቺንጋ እንደ ጥንቱ ጠፍር አይንሸራተትም፤ ዘይትም አይፈልግም። ነገር ግን ሰፋፊ መንኮራኩሮችን ይፈልጋል፤ በጥርሱ መካከል የገባ ጠጠርም ሊጎዳው ይችላል። በዘመናችን ሞተራቸው በጎማው እምብርት ውስጥ የተቀመጠ የኤሌክትሪክ ሞተር ቢስክሌቶች ደግሞ ማስተላለፊያውን ፈጽሞ አስቀርተዋል። የሞተሩ ክብደት ግን ከሞላው በታች ውሎ ጎማው ጉድጓድ በመታ ቁጥር አብሮ ይመታል።

ሁለተኛው መንገድ ጂኦሜትሪውን ማረም ነው። የክንዱ መወዛወዣ በፒኞኑ መካከል ላይ ከዋለ ርቀቱ አይለወጥም። ጣሊያናዊው ቢሞታ በ1977 በኤስ ቢ 2 ሞዴሉ፣ ቤ ኤም ቬ ደግሞ በ2008 በጂ 450 ኤክስ ይህን አድርገዋል። ሐሳቡ በወረቀት ላይ እንከን የለውም። በሥራ ላይ ግን ክንዱ ማርሽ ሳጥኑን አቅፎ እንዲያልፍ መስፋት አለበት፤ ያለቀ ፒኞን ለመለወጥም የክንዱን መወዛወዣ መንቀል ያስፈልጋል። ነጂው በየሳምንቱ ከሚሠራው ቀላል ሥራ ሲገላገል፣ መካኒኩ አልፎ አልፎ የሚሠራው ከባድ ሥራ ይጠብቀዋል።

ሦስተኛው መንገድ ልቅነቱን የሚበላ ሞላ መግጠም ነው። በሞተሩ ውስጥ ቫልቮችን የሚያንቀሳቅሰው ሰንሰለት በብዙ መኪናዎች እንዲህ ባለ ወጣሪ ይሠራል። ታዲያ ለኋላው ሰንሰለት ለምን አይሆንም? ሞተሩ ሲጎትት የሚጠብቀው የሰንሰለቱ የላይኛው ክፍል፣ የሚላላው የታችኛው ነው። ነጂው ጋዝ ሲለቅና ሞተሩ ፍሬን ሲሆን ግን ይህ ይገለበጣል፤ የላይኛው ይላላል፣ የታችኛው ይጠብቃል። በታችኛው ክፍል ላይ የተገጠመ ሞላ ያን ጊዜ ሙሉውን ኃይል ይሸከማል። ኃይሉን ለመቋቋም ከጠነከረ ሰንሰለቱን ያለማቋረጥ ይፈትጋል፤ ከለዘበ ደግሞ ተጨፍልቆ ልቅነቱን ይመልሰዋል። በዘይት ተሸፍኖ የሚሠራውን የሞተር ውስጥ ሰንሰለት ያዳነ ብልሃት ለአቧራና ለጭቃ ለተጋለጠው ሰንሰለት ሁነኛ መድኃኒት አልሆነም።

ከእነዚህ ይልቅ ፍሬ ያፈራው መበላቱን የመቀነስ ሥራ ነው። ሆንዳ በ1958 ያወጣው ሱፐር ከብ ሰንሰለቱ ሙሉ በሙሉ በሽፋን ውስጥ ነበር፤ አቧራውም ዝናቡም የነጂው ልብስም አይነካውም። ይህ ሞተር ቢስክሌት በ2017 የ100 ሚሊዮን ምርት ቁጥር ደርሷል። ከ1960ዎቹ መጨረሻ በኋላ የሞተሮች ጉልበት በፍጥነት ሲጨምር ግን ሽፋን ብቻ አልበቃም። በ1969 የወጣው ሆንዳ ሲ ቢ 750 ለሰንሰለቱ ዘይት ከሞተሩ ያንጠባጥብለት ነበር። በ1970ዎቹ ዓመታት ደግሞ በፒኑና በቡሹ መካከል የገባውን ግራሶ በጎማ ቀለበት የሚያሽግ ሰንሰለት መጣ። ከሬኖልድ በኋላ የታየው ትልቁ መሻሻል ይህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የእነዚህ ሁሉ ውጤት ግን የማስተካከያውን ጊዜ ማራራቅ ነው፤ ማስተካከያውን አላስቀሩም።

ታሪኩ ለእኛ የሚለው

ከላይ የተዘረዘሩትን ጥረቶች አንድ የሚያደርጋቸው ሐቅ አለ። ልቅነቱ ከአንድ ቦታ ሲባረር በሌላ ቦታ በክብደት፣ በዋጋ ወይም በጥገና ችግር መልክ ይመለሳል። በተራው ሞተር ቢስክሌት ላይ ሰንሰለቱ እስከ ዛሬ የጸናው መሐንዲሶች ሰንፈው አይደለም። በደንብ ዘይት የተቀባ ሰንሰለት ከተቀበለው ኃይል 98 በመቶ ያህሉን ያደርሳል፤ ርካሽ ነው፤ በመንገድ ዳር በጥቂት መፍቻዎች ይታደሳል። በምትኩ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ልኩን የሚያውቅ ሰው ነው።

ይህ ጉዳይ ለአገራችን ሩቅ አይደለም። የጋራዥ ቋንቋችን ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ቺንጋ እያለ ከጣሊያን የተቀበላቸውን ስሞች እስከ ዛሬ ይዟል። ስሞቹ ከመኪናዎቹ ጋር አብረው መጥተው በመካኒኮቻችን እጅ ለምደዋል። ልኮቹ ግን እንደ ስሞቹ አልለመዱም። መመሪያው መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ በባዕድ ቋንቋ ተጽፎ ከመኪናው ጋር ይመጣና በመሳቢያ ውስጥ ይቀራል። በኮረኮንችና በአቧራማ መንገድ ከቀበሌ ቀበሌ የሚዞረው የጤና ወይም የግብርና ሠራተኛ ሰንሰለቱን ወደ መካኒኩ ሲወስድ፣ መካኒኩ በአውራ ጣቱ ተጭኖ ያየዋል፤ ላልቶ ካገኘውም ያጠብቀዋል። ማጥበቅ መልካም ነው የሚለው ልማድ እዚህ ላይ ኩሽኔታ ያስበላል። ማላላትም ያለ ልክ ሲሆን ሕይወት ያስከፍላል።

ስለዚህ ሥራው በትክክል እንዴት እንደሚፈጸም ባጭሩ መግለጽ ተገቢ ነው። ሞተሩ ይጠፋል፤ ማርሹ ነጻ ይደረጋል። ሰንሰለት በሁሉም ቦታ እኩል ስለማይበላ፣ የኋላው ጎማ በእጅ እየዞረ ሰንሰለቱ ከሁሉ ይበልጥ የሚጠብቅበት ቦታ ይፈለጋል፤ ልኩ የሚወሰደው እዚያ ላይ ነው። የታችኛው ክፍል መካከል ወደ ላይና ወደ ታች ተገፍቶ እንቅስቃሴው በማስመሪያ ይለካል። መኪናው በመደገፊያው ቆሞ ይለካ ወይስ ክብደት ተጭኖበት የሚለውን ሠሪው በመመሪያው ያዘዘው ይወስናል። የዘንጉ ዳዶ ከላላ በኋላ የሁለቱም ጎን ብሎኖች እኩል እየዞሩ ይስተካከላሉ፤ አንዱ ከሌላው ቢበልጥ ጎማው ይጣመማል፣ ሰንሰለቱም ጥርሱን በጎኑ ይበላል። በመጨረሻም ዳዶው ይጠብቅና ልኩ እንደገና ይታያል።

ሰንሰለቱ መለወጥ ያለበት መቼ እንደሆነም በማስመሪያ ይታወቃል። 428 የሚል ቁጥር ያለበት ሰንሰለት ከመጋጠሚያ እስከ መጋጠሚያ 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስለዚህ 20 መጋጠሚያ ሲወጠር አዲሱ 254 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከ259 ሚሊ ሜትር ካለፈ በ2 በመቶ ረዝሟል ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ መወጠር ያለቀውን ሰንሰለት ያላለቀ ማስመሰል ነው፤ ሰንሰለቱ ከጥርሱ ቅርጽ ጋር አይስማማምና።

የሙያ ባልደረቦቼ በዚህ ታሪክ ውስጥ ለራሳችን ሥራ የሚሆን ነገር እንደሚያገኙበት አምናለሁ። በምንነድፈው፣ በምንገጣጥመው ወይም በምንገዛው መሣሪያ ሁሉ ለተጠቃሚው እጅ የምንተወው አንድ ነገር አይጠፋም። የውኃ ፓምፕ ማሸጊያ፣ የወፍጮ ቺንጋ፣ የጄኔሬተር ዘይት ለዚህ ምሳሌ ይሆናሉ። መተዉ በራሱ ነቀፋ የለበትም፤ ሬኖልድም ሆንዳም ትተዋል። የሚያስነቅፈው ልኩን ሳይናገሩ መተው ነው። ሞተር ቢስክሌት የሚገዛ መሥሪያ ቤት በእያንዳንዱ መኪና ክንድ ላይ የልቅነቱን ልክ በሚሊ ሜትርና በአማርኛ፣ እንደ አካባቢውም በሌላው የሕዝቡ ቋንቋ የሚገልጽ አንዲት ትንሽ ሰሌዳ ቢለጥፍ ወጪው ከአንድ ኩሽኔታ ዋጋ አይደርስም። በሰሌዳዋም ላይ የትንሹም የትልቁም ልክ መጻፍ አለበት፤ አጥብቅ ብቻ የሚል ማስጠንቀቂያ ግማሽ እውነት ነውና። ይህን ለማድረግ አዲስ ፈጠራ አያስፈልግም፤ ስሌቱ የታወቀ፣ መሣሪያውም አንድ ማስመሪያ ነው።